የካውንቲ ክሪኬት በነጻ፦ ከደብረ ብርሃን ልብስ ስፌት ቤት ሆኜ ያየሁት

ክሪኬት የሚባለውን ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ ያስለመደኝ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ህንዳዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። እማዬ "የፈረንጅ ገና" ትለዋለች።

የእንግሊዝ ካውንቲዎች፣ ማለትም የየአውራጃው ቡድኖች፣ ጨዋታቸውን በዩቲዩብ በቀጥታ ያሳያሉ። ክፍያ የለውም። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም ነው፤ ብዙውን ጊዜ በእኛ 7 ሰዓት ከቀትር በኋላ ይጀመራል። ስልኬን ስፌት መኪናው ላይ አስደግፌ ሥራዬን እቀጥላለሁ። የወንዶቹ ሻምፒዮና አንዱ ጨዋታ 4 ቀን ይፈጃል። ለእኔ የተመቸኝ ይሄው ነው። ዚፕ ቀይሬ ቀና ስል ብዙም አላመለጠኝም። የሚያስተላልፉት የቢቢሲ የአካባቢ ሬዲዮ ጋዜጠኞች ናቸው፤ ረጋ ብለው ነው የሚያወሩት።

መስከረም 15 ቀን 2018 ኖቲንግሃምሻየር የወንዶቹን ሻምፒዮና ዋንጫ ወሰደ። በማግስቱ ደመራ ነበር፤ ለበዓል የሚደርስ ቀሚስ እጄ ላይ ነበረ። ሰሬይ 3 ዓመት በተከታታይ የበላውን ዋንጫ ነው የነጠቁት። ጨዋታው ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ በምት ብቻ የሚገኘው ተጨማሪ ነጥብ በቃቸው። መኪናውን አቁሜ አየሁ።

በፈረንጆቹ 2025 የሴቶቹም ውድድር በካውንቲዎች ሥር ገብቷል። በዚያ ዓመት በአንደኛው እርከን 8 ቡድኖች ነበሩ። ሰሬይ አጭሩን ውድድር፣ ላንክሻየር የ50 ኦቨሩን (አንድ ኦቨር 6 ውርወራ ነው) ወሰዱ። ጨዋታቸው በአንድ ቀን ያልቃል፤ እማዬም እንዝርቷን ይዛ አጠገቤ የምትቀመጠው ለእነሱ ነው።

ቅር ያለኝ እዚህ ላይ ነው። የአንዱ ካውንቲ የወንዶች ጨዋታ ብዙ ካሜራ አለው፤ ጥሩ ምት ተደግሞ ይታያል። የዚያው ካውንቲ ሴቶች ሲጫወቱ ግን ካሜራው አንድ ነበር። ልጅቷ ኳሷን አጥብቃ መታች፤ ካሜራው ሌላ ቦታ ሲፈልግ ኳሷ ጠፋች። እማዬ "የት ገባች?" አለችኝ። ምን ልበላት? ውጤቱም ስክሪኑ ላይ ለ4 ኦቨር ሳይቀየር ቆየ። እነዚያ ልጆች እኩል ለፍተዋል፤ እኩል ሊታዩ ይገባል።

ለማየት ካሰባችሁ ጥራቱን ከ360 በታች አታውርዱት። እኔ ፓኬጅ ለመቆጠብ ብዬ 144 ላይ ሳደርገው ኳሷ ጭራሽ አትታይም። በነሐሴ ደግሞ እዚያም ዝናብ፣ እዚህም ዝናብ ነው። ሜዳውን በትልቅ ሸራ ሲሸፍኑ እማዬ ተነስታ የተሰጣውን ጥጥ ታስገባለች።

ለካውንቲው ሁለተኛ ካሜራ እንዲያስገቡ ጽፌላቸዋለሁ። እማዬ ሴቶቹ መቼ እንደሚጀምሩ ከአሁኑ ትጠይቀኛለች።