ድስት እየተፈገፈገ የሚሰማ ፓንክ

ጃፓናዊት ዘፋኝ ሲሉኝ «እንካ» የሚባለው ዘፈን መስሎኝ ነበር። እንካን የሰማ ያውቀዋል፤ ያ የድሮ የጃፓን ዘፈን ቅኝቱ ለእኛ ጆሮ ስለሚቀርብ ቃሉን ልብ ካላልከው ትዝታ ነው ብለህ ትከራከራለህ። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ያመጣልኝ ግን ሌላ ጉድ ነው። ዳታ ጠፍቶ በከረመበት ሰሞን ነበር፣ ባሕር ዳር ቁጭ ብለን ስልካችን ላይ ያለችውን ዘፈን እስክትሰለች የምንደጋግምበት ጊዜ። ፍላሹ ላይ የዘፈን ስም የለም፤ ትራክ 1፣ ትራክ 2 ብቻ። ከፈትኩት። ጊታሩ ግርርር አለ፣ አንዲት ሴት በቀጭን ድምፅ ዘፈነች፣ ወዲያው አለቀ። እንዴ!

ናኦኮ ያማኖ ናት። ጊታር ትመታለች፣ ትዘፍናለች። ሾነን ናይፍ የሚባለውን የፓንክ ባንድ (ፓንክ ማለት አጭር፣ ፈጣን፣ ጫጫታ የበዛበት ሮክ ነው) በፈረንጆቹ 1981 ጃፓን፣ ኦሳካ ከተማ ላይ ከእህቷ ከአትሱኮና ከጓደኛቸው ከሚቺኤ ናካታኒ ጋር መሠረተችው። ስሙን ያገኙት ከሴንጢ ማርካ ነው። ያኔ ናኦኮ የቢሮ ሠራተኛ ነበረች፤ የመድረክ ልብሳቸውን ደግሞ አትሱኮ ነበረች የምትሠራው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ገባ ስንቱ ወጣ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳትነቃነቅ ያለችው ናኦኮ ብቻ ናት።

ከየት ልጀምር ላለኝ ሰው መልሴ «ትዊስት ባርቢ» ነው። 1983 ከወጣው «በርኒንግ ፋርም» ከሚባለው አልበማቸው ላይ ያለች ዘፈን ናት። ጥቁር ፀጉር ያላት የኦሳካ ልጅ ባርቢን፣ ያቺን ቢጫ ፀጉር አሻንጉሊት፣ መሆን አማረኝ ትላለች፤ ታሹፍ ይሁን የምሯን ይሁን እስከዛሬ አልለየልኝም። እንግሊዝኛዋ እንደኔው ነው፣ ሰበር ያለ፣ ግን አታፍርበትም። አልበሙን የአሜሪካው ሮክ ባንድ የኒርቫና ዘፋኝ ኩርት ኮቤይን እንኳ ከሚወዳቸው 50 አልበሞች ጋር በእጁ ጽፎታል። 1991 መጨረሻ ላይ ኒርቫና እንግሊዝን እየዞረ ሲጫወት እነ ናኦኮም አብረው ነበሩ።

እዚያው አልበም ላይ የድስት መፈግፈጊያ ዘፈን አለ። አልቀለድኩም። ጃፓን ውስጥ የኤሊ ማርካ ያለው፣ ከኮኮናት ጭረት የሚሠራ፣ ከ1907 ጀምሮ ያለ መፈግፈጊያ አለ፤ ዘፈኑ የእሱ ነው። አንድ እሑድ ከፍቼው እናቴ ጓሮ ቁጭ ብላ የወጥ ድስቱን በሽቦ ትፈገፍጋለች። ቂጡ ያረረ ድስት፣ አመድ የነካ እጅ፣ ታውቁት የለ።

«አንተ፣ ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው የምትጮኸው?» አለችኝ።

«እማ፣ ስለ ድስት መፈግፈጊያ ነው የሚዘፍኑት።»

ትንሽ አሰበችና «ታዲያ እስካሁን ፈግፍገው አልጨረሱም?» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

እኔ የወደድኩላቸውም ይሄንን ነው። ፓንክ ሲባል ንዴት ነው የሚጠበቀው፣ መንግሥት ይውረድ፣ ዓለም ይቃጠል ምናምን። እነዚህ ግን ስለ ጄሊ፣ ስለ ቸኮሌት፣ ስለ ሙዝ ቺፕስ በዚያው በፓንክ ሦስት የጊታር ኮርድ ይጮኻሉ። የእኛ አዝማሪም እኮ እንዲሁ ነው፤ ማሲንቆውን ይዞ ፊቱ ያገኘውን ነው የሚገጥመው፣ ጠጁንም የሰውየውን ጫማም።

ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ደግሞ «ሳይክሊንግ ኢዝ ፈን» ግዴታ ነው። 1992 የወጣው «ሌትስ ናይፍ» ላይ አለ። ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ወደ ሐይቁ በብስክሌት ስትመጣ፣ ዘንባባው ሥር ነፋሱ ሲመታህ፣ ባጃጅ ከኋላ ጡሩምባውን ሲነፋብህ በአንድ ጆሮ ብቻ አድርገው። ሁለቱንም ጆሮ ከደፈንክ ባጃጁ ይገጭሃል፣ ከእኔ ስማ። እዚያው አልበም ላይ «ራይዲንግ ኦን ዘ ሮኬት» አለ፤ ሮኬት ተሳፍራ ፕሉቶ ልትሄድ ነው፣ ስንቋ ማርሽማሎው፣ አስፓራገስና አይስክሬም። ፕሉቶ 2006 ላይ ከፕላኔትነት ተሰረዘች እንጂ ዘፈኑ አላረጀም። ገንዘብም ዳታም ቢያጥርህ ይሄን አንድ አልበም አውርድ።

ሁሉም ጥሩ ነው አልልም። 1993 የወጣው «ሮክ አኒማልስ» ላይ ድምፁ ወፈረ፣ ጸዳ፣ እኔን ግን አደከመኝ። ያ የጓዳ የሚመስለው ቅጂ ይሻለኛል። የአሜሪካኖቹን እህትና ወንድም፣ የካርፔንተርስን «ቶፕ ኦፍ ዘ ወርልድ» 1994 ላይ የተጫወቱት ግን ድንቅ ነው፤ ለስላሳውን ዘፈን ሳያበላሹ አፍጥነውታል። 2011 ላይ ባንዱ 30 ዓመት ሲሞላው የአሜሪካውን የፓንክ ባንድ የራሞንስን ዘፈኖች ብቻ የተጫወቱበት «ኦሳካ ራሞንስ»ም አለ፤ ደስ ይላል፣ ግን የናኦኮን የራሷን ድርሰት ለሚፈልግ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

በስልክ ስፒከር ግን አትስሙት፤ ቤዙ ጭራሽ ይጠፋል። የአክስቴ ልጅ ፍላሼን መልስ እያለ ይደውላል። እናቴ ደግሞ ዕቃ ልታጥብ ስትቀመጥ «የድስቷን ክፈትልኝ» ማለት ጀምራለች።