የወንድሜን ብር አልቀበልም ያለችው የዲቪ ሞይ

ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ስትሄዱ፣ ከአንድ ፋርማሲ ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ። ጥቅምት ሲገባ በሩ ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። በ2016 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። የወንድሜን ሳትሞላ መለሰችን። እኔም ዛሬ ይህን የምጽፈው ላመሰግናት ነው።

ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት በተከታታይ የሚሞላለት ሌላ ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም። ልጁ ስምና የትውልድ ቀን ይጠይቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ብሩን ይቀበላል፣ አለቀ። የማረጋገጫ ቁጥሩን ስንጠይቅ «እኛ ጋ ይቀመጣል፣ ሲወጣለት እንደውላለን» ይለናል። የተሞላው ኢሜይል እንኳን የእነሱ ነበር። ቁጥሩም ኢሜይሉም በእጁ የሌለ ሰው ዕጣው ቢወጣለት በምን ያውቃል? ቁጥሩን ይዘው «ይህን ያህል ክፈል» ቢሉት ምን ይላል? እንዲህ የተደረጉ ሰዎች ሰፈራችን ውስጥ አሉ።

እዚህኛዋ ቤት ያለችው ሴትዮ ግን ገና ሳንቀመጥ ወንድሜን ጠየቀችው።

«ወንድሜ፣ 12 ጨርሰሃል?»

«ቴን ፕላስ ስሪ ነኝ። አውቶ መካኒክ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኛ ያልገባን ነገር እሷ ገብቷታል። በእኛ ጊዜ ብሔራዊ ፈተናው 10ኛ ክፍል ላይ ነበር። መሰናዶ ያልገባ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። ሦስት ዓመት ተምሮ ዲፕሎማ ይዞ ይወጣል። የዲቪ ሕግ የሚጠይቀው ግን የ12 ዓመት መደበኛ ትምህርት ነው። እሱ ከሌለ ደግሞ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፤ ያውም ሙያው ራሱ ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠና ወይም ልምድ የሚፈልግ ከሆነ።

ወንድሜ ደስ አለው። «እሱማ አለኝ፣ አስር ዓመት ሠርቻለሁ» አላት።

ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። የአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር ሙያዎችን በደረጃ የሚዘረዝርበት ኦኔት የሚባል ድረ ገጽ አለ። የናፍጣ ሞተር መካኒክን ፈልጋ አወጣች። ለዲቪ የሚያበቃው ደረጃ ከ7 ጀምሮ ነው። የእሱ ሙያ ከ6 እስከ 7 ባለው ውስጥ ነው፣ 7 አይሞላም።

«መሙላት ትችላለህ፣ ሲስተሙ ይቀበልሃል» አለችው። «ቢወጣልህ ግን 330 ዶላሩንና የሕክምና ምርመራውን ከፍለህ ነው የምትወድቀው። እኔ ብርህን አልቀበልም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም።

እኔ 12ም ዲግሪም ስላለኝ የእኔን ሞላችልኝ። 200 ብር። ነጭ አንሶላ ፊት አቆመችኝ፣ መነጽሬን አስወለቀችኝ፣ ፀጉሬን ከፊቴ ላይ መለሰችልኝ። ፎቶው 600 በ600 ፒክስል ሆኖ ከ240 ኪሎባይት እንዳያልፍ አስተካከለች። በስሜ ላይ ብቻ አስር ደቂቃ ቆየን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፎርሙ ግን ይፈልጋል። ፓስፖርቴን አውጥታ እዚያ ላይ እንዳለው፣ የአያቴን ስም ፊደል በፊደል ጻፈች። ኢሜይሉ የራሴ። የማረጋገጫ ቁጥሩን አትማ ሰጠችኝ፣ በስልኬም ፎቶ አስነሳችኝ።

ከእኔ ቀጥሎ ተራዋን የያዘች ልጅ ነበረች። ሴትዮዋ ልጆች እንዳሏት ስትጠይቃት «አንድ አለች፣ ግን እናቴ ጋ ገጠር ነው ያለችው፣ አትጻፊያት» አለቻት። ሴትዮዋ ወንበሯን አስጠጋች። «እህቴ፣ አብራሽ ባትኖርም፣ አብራሽ ባትሄድም ትጻፋለች። ዛሬ የደበቅሻት ልጅ ነገ ቪዛሽን ታስከለክልሻለች።» ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና ልጇ ክርስትና የተነሳችበትን ፎቶ ከስልኳ አወጣች። እሱ ስለማይሆን ሌላ ፎቶ አስልካ በማግስቱ እንድትመለስ ነገረቻት። ፎርሙን ሳትልከው አቆየችላት።

ቤቷን ይህን ያህል ካመሰገንኩ፣ ስለ ዲቪም ያለኝን ልበል።

ዲቪ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ የመጣ ነው። በዓመት 55 ሺህ ቪዛ፤ ኋላ ላይ በሌላ ሕግ ወደ 50 ሺህ ገደማ ወርዷል። አንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ አይወስድም። ባለፉት አምስት ዓመታት ከ50 ሺህ በላይ ሰው የላኩ አገሮች አይገቡበትም። ይህ ሐሳብ ጥሩ ነው እላለሁ። አሜሪካ ዘመድ የሌለው፣ ቀጣሪ የማይጠራው ሰው የሚያንኳኳው በር ነው። እኛ ስንሞላ ለምዝገባው መንግሥታቸው ምንም አያስከፍልም ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ለመመዝገብ ፓስፖርት ግዴታ አድርገውት ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ሻረው፣ ደግ አደረገ። ዕጣ ለማውጣት ብቻ ፓስፖርት ግዛ ማለት ደሃውን ከበር መመለስ ነው።

የሚከፋኝ ሌላ ነው። ከሚሰጠው ቪዛ በላይ ብዙ ሰው ይመረጣል። «ወጣልህ» የተባለ ሁሉ አይሄድም። መስከረም 30 በፈረንጆቹ ካለፈ የዚያ ዓመት ዕድል ተዘጋ። በዚህ መሃል ሥራ የለቀቀ፣ ዕቃ የሸጠ ስንት አለ።

የካናዳን መንገድም ከዲቪው ሁለት ዓመት ቀደም ብዬ ሞክሬዋለሁ። ካናዳ በነጥብ መምረጥ የጀመረችው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ነው። ከ1200 ነጥብ ይሰላል። ያኔ 31 ዓመቴ ነበር። ላላገባ ሰው ከ20 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ብቻውን 110 ያሰጣል፣ በ31 ግን 99 ነው። 45 ላይ ዜሮ። የእንግሊዝኛ ፈተናውን ከፈልኩ፣ የዲግሪዬን ግምገማ ከፈልኩ፣ ነጥቤ አልደረሰም። ግን ለምን እንዳልደረሰ አውቃለሁ። በየትኛው ስንት እንደጎደለኝ ቁጭ ብዬ ደምሬዋለሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሲከለከል ምክንያቱ ሊነገረው ይገባል።

ወንድሜ ግን እዚያም ቦታ የለውም። ነጥቡ እንግሊዝኛን ይወዳል፣ ዲግሪን ይወዳል። እሱ አይሱዙ ሲመጣለት ኮፈኑን ሳይከፍት ቆሞ ያዳምጣል። ከዚያ «ኢንጀክተር ነው፣ ሦስተኛው» ይላል። ከፍተው ሲያዩት ሦስተኛው ይሆናል። ይህን የትኛው ፎርም ይጠይቃል?

እኔ ብጠየቅ አንድ አገር ሰው ሲመርጥ መጀመሪያ በእጁ የሚሠራውን ይይ። ወረቀቱን ብቻ አይደለም፣ ጋራዥ አስገብቶ ይፈትነው። ፈተናውን ያለፉት ከቦታው ከበዙ ዕጣ ይጣል። ያኔ የቀረው ሰው «አልቻልክም» አልተባለም፣ ተራው ነው ያልደረሰው። የዕድሜም ቅነሳ ይቅር፤ ሰነድ ስትጠብቅ ያለፈው ዓመት ካንተ ላይ ሊቆጠር አይገባም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ውጤቱ ሲወጣ ቁጥሬን ራሴ አስገብቼ አየሁ። አልወጣልኝም። ማንንም አልለመንኩም፣ ለማንም አልደወልኩም።

ወደ ቤቷ የምትሄዱ ሰዎች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ስለምትዘጋ ጠዋት ሂዱ። የልጆቻችሁን ፎቶ ከስድስት ወር ያልበለጠ ያዙ። ወረፋ አለ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ሰው ትጠይቃለች።

ወንድሜ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል በማታ ተመዝግቧል። ማታ ማታ እጁን በናፍጣ ታጥቦ፣ ቀጥሎ በኦሞ አጥቦ፣ ደብተሩን ይዞ ይወጣል።