ከነስቴንቴ አዲስ አበባ፦ የሰባት ሳምንት የልብ ክትትሌ

በ2015 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከልቤ ደም ሥሮች አንዱ ጠብቦ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የወንፊት ቱቦ) ከገባልኝ ወዲህ አገር ቤት ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለአራት ሳምንት ያሰብኩት ጉዞ በቤተሰብ ሐዘን ምክንያት ወደ ሰባት ሳምንት ስለተራዘመ የያዝኩት መድኃኒት አለቀ፤ በዚህም ሰበብ የአዲስ አበባን የልብ ሕክምና እንደ ማንኛውም ታካሚ ተሰልፌ አየሁት።

የሄድኩት በልብ ሕክምና ላይ ብቻ ወደሚሠራ አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ30 ደርሼ ሐኪሙ ዘንድ የገባሁት 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። መጠበቁን አልጠላሁትም፤ ያስከፋኝ ለእያንዳንዱ ነገር እየተነሱ ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ፊት እንደገና መሰለፉ ነው። ለካርድ፣ ለኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ለሚመዘግበው ምርመራ)፣ ለደም ምርመራ፣ ከዚያም ለኢኮ (ለልብ አልትራሳውንድ) ለየብቻ ይከፈላል፤ ትንፋሽ ያጠራቸው አንድ አዛውንት ደረሰኝ ይዘው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ማየት ደግሞ በልብ ክሊኒክ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር ነው። ከውጭ መምጣቴን ከአነጋገሬ ይሁን ከጫማዬ የተረዳችው የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛም፣ ሐኪም ገና ሳያየኝ፣ በመሮጫ መሣሪያ ላይ የሚደረገውን ፍተሻ ጭምር የያዘ «ሙሉ ምርመራ» ልታስከፍለኝ ሞክራ ነበር።

የደም ግፊቴን የለካችኝ ነርስ ግን ሌላ ናት። ገና ቁጭ እንዳልኩ ክንዴን ስዘረጋ፣ «ጋሼ፣ ይቆዩ፤ ደረጃ ወጥተው ነው የመጡት፤ አምስት ደቂቃ ይረፉ፤ እግርዎንም አያነባብሩ» አለችኝ። ጀርባዬን አስደግፋ፣ ክንዴን በልቤ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ሁለቱንም ክንዶቼን ለካች፤ መጀመሪያ 158 በ94 የነበረው ትንሽ ቆይታ ስትደግመው 146 በ88 ሆነ። ሜሪላንድ ውስጥ እግሬ ከአልጋ ተንጠልጥሎ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ እያወራሁ ነው የምለካው።

ሐኪሙ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሰጠኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው ልብ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ፈጠን ብሎ እንደሚመታ፣ ግፊቱም ከፍ ሊል እንደሚችል አስረድቶ፣ የመድኃኒቴን መጠን ከመጨመር ይልቅ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ እቤት እየለካሁ እንድመዘግብ አዘዘኝ። መሮጡንም ሰረዘው፤ የደረት ሕመምም ሆነ የትንፋሽ ማጠር የሌለበትን ባለ ስቴንት ሰው በየጊዜው እንዲህ መፈተሽ እንደማይጠቅም ነግሮ ያዘዘልኝ ኢሲጂና ኢኮ ብቻ ነው። ከክሊኒኩ ገቢ ላይ እንዲህ የሚቀንስ ሐኪም ማግኘቴን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ቀጥሎ የጠየቀኝን ግን አሜሪካ ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ «ይጾማሉ?» አለኝ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበርና እስከ 9 ሰዓት እጾም ነበር። የጠዋቱን ኪኒን እየዘለልኩ አንዳንድ ቀን እንደምረሳው ስናዘዝለት አልተቆጣም፤ የደም ግፊት መድኃኒቴ አምሎዲፒን በቀን አንዴ የሚወሰድ በመሆኑ ሰዓቱ እስካልተዛባ ድረስ ማታ ቢሆንም እንደሚሠራ ነግሮኝ፣ ከኮሌስትሮል መድኃኒቴ ከአቶርቫስታቲኑ ጋር ከእራት በኋላ እንዲሆን፣ አስፒሪኑም ከምግብ በኋላ እንዲከተል አደረገ። ከዚያ ወደ ወጡ ዞረ። የጾም ምግብ ሥጋና ቅቤ ስለሌለው ለልብ የተመቸ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ግን ቤት ውስጥ የምንሠራበት ዘይት የሚረጋው የፓልም ዘይት መሆን አለመሆኑን፣ ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የቀን ጨው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። ማታ እኅቴን ብጠይቃት ሽሮው ሲፈጭ ጨው እንደገባበት፣ ወጡ ሲሠራም እንደሚደገም ሳቅ እያለች ነገረችኝ።

አቶርቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም ፍለጋ ሦስት መድኃኒት ቤት ዞርኩ። በሦስተኛው የተገኘው ባለ 20ው ነበር፤ ፋርማሲስቷ ሐኪሙ ዘንድ ደውላ ካረጋገጠች በኋላ ሁለት ሁለት እንድወስድ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጻፈችልኝ።

በዚያው ሰሞን የወንድሜን ልጅ ለወርሃዊ መርፌዋ ወደ ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ሸኝቻታለሁ። ልጅ ሳለች በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ወደ ሩማቲክ የልብ በሽታ ተለውጦ አንዱን የልቧን በር ስለጎዳው፣ ሕመሙ አገርሽቶ በሩን ይበልጥ እንዳያበላሽ በየአራት ሳምንቱ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች። መርፌው በጣም ያማል። ነርሷ ብልቃጡን በሁለት መዳፎቿ መካከል እያሸች አሞቀችው፤ ስትወጋትም ቀስ ብላ፣ ስለ ትምህርቷ እየጠየቀቻት ነበር፤ ከዚያም አለርጂ ቢነሣ በማለት አግዳሚ ወንበር ላይ አቆየችን። ግድግዳው ቀለም ያስፈልገዋል፤ በሥራው ላይ ግን እንከን አላየሁበትም።

ወደ ክሊኒኩ ልመለስና፣ ትልቁ ጉድለት ያገኘኝ በመጨረሻ ነው። የኢኮ ውጤቴ ደህና ነበር፤ ልቤ በአንድ ምት የሚረጨው ከያዘው ደም 55 በመቶ፣ በጤናማው ልክ ውስጥ ነው። ነገር ግን ምስሉን በፍላሽ እንዲሰጡኝ ሁለት ቀን ተመላለስኩ፤ አንድ ቀን ባለሙያው የለም፣ ሌላ ቀን መብራት የለም ተባለ። በሦስተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት የአንድ ገጽ ወረቀት ተሰጠኝና በዚያው ሌሊት በረርኩ። የሜሪላንዱ ሐኪሜ ወረቀቱን አንብቦ የመድኃኒቱን የሰዓት ለውጥ ወደደው፤ ከዚያ ካለፈው ዓመት ኢኮ ጋር ሊያስተያየው ምስሉን ጠየቀኝ። ስለሌለኝ ለሚመጣው ወር ሌላ ኢኮ ተቀጠረልኝ።