ለባሕር ዳር ግቢ የትኛው የዶሮ ቤት ይሻላል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ዶሮ ሊያረባ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዝርያ ነው፤ ቦቫንስ ትሻላለች ወይስ ሳሶ እያለ ይከራከራል። ቤቱ ትዝ የሚለው ቄቦቹ በካርቶን ሆነው ግቢ ከገቡ በኋላ ነው። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። አሥር ቄብ ገዝቼ፣ ያገኘሁትን ቆርቆሮ ከጥቂት አጠና ጋር አገጣጥሜ፣ በግማሽ ቀን ቤት ሠራሁላቸው። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አደረ። ጠዋት በሩን ስከፍት ሰጋቱራው ውኃ ላይ ተንሳፍፏል፣ መመገቢያው ተገልብጧል፣ ዶሮዎቹ አንዲት ቆጥ ላይ ተደራርበው ያዩኛል። ጎረቤቴ እማማ ከአጥሩ ማዶ አንገታቸውን አስግገው ጥቂት ተመለከቱና «ልጄ፣ ዶሮ ነው ወይስ ዳክዬ የምታረባው?» አሉኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስቱ ደም የቀላቀለ ኩስ እየጣሉ ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ የዶሮ ቤት ስመለከት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወለሉ ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ በየግቢው መውጫ አጥቶ ይቋጠራል። እርጥብ ጉዝጓዝ ደግሞ ለኮክሲዲዮሲስ፣ ማለትም ደም ለሚያስቀምጠው የዶሮ አንጀት በሽታ፣ የተመቸ ነው። ሽለምጥማጥ በአንድ ሌሊት አንድ ዶሮ ቢወስድ፣ እርጥብ ወለል መንጋውን ይጨርሳል።

ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ የሚሠራው ቤት ከሁሉም ይረክሳል፣ ቶሎ ይቆማል፣ አውሬም አይበሳውም። ጥሩ ጎኑ እዚህ ላይ አለቀ። መጋቢትና ሚያዝያ ቀትር ላይ ምጣድ ይሆናል። ዶሮን አያልባትም፤ አፏን ከፍታና ክንፏን ዘርግታ ታለከልካለች፣ መኖ ትቀንሳለች፣ የእንቁላሏም ቅርፊት ይሳሳል። ሌሊት ደግሞ ትንፋሻቸው ጣሪያው ላይ ውኃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። አስቀድማችሁ ሠርታችሁት ከሆነ ግን አታፍርሱት። የሁለቱን ረጃጅም ጎኖች የላይኛውን ግማሽ አንሥታችሁ በወንፊት ሽቦ ተኩት፤ ጣሪያው ላይ ሣር ወይም ከሐይቁ ዳር የሚመጣ ደንገል ደርቡበት፤ ወለሉንም በድንጋይና በአፈር ከፍ አድርጉት።

ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዶሮ ለሚይዝ ጀማሪ የእኔ ምርጫ አናጢዎች የሚሠሩት፣ በእግር የቆመው የእንጨት ቤት ነው። ወለሉ ከመሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ስለሚል ጎርፉ ከሥሩ ያልፋል። ወለሉ በርብራብ ወይም በጠንካራ ሽቦ ከተሠራ ኩሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠርጋችሁ ትሰበስቡታላችሁ። (ለጎመኑ መደብ ግሩም ማዳበሪያ ነው፤ ትኩሱን ግን አትስጡ፣ ተክሉን ያቃጥለዋል።)

ችግሩ መልኩ የሚያታልል መሆኑ ነው። ቀለም የተቀባ፣ መስኮት የተሣለበት፣ ጣሪያው እንደ ሰው ቤት የተቀሰረ ቤት አይቼ ልገዛ ስል በእጄ ነቅነቅ አደረግሁት፤ እንደ ሰካራም ተወዛወዘ። ስትገዙ እግሮቹን ተመልከቱ። ባሕር ዛፍ ከሆኑ በተቃጠለ የሞተር ዘይት አስነክሯቸውና ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ አቁሟቸው፤ አለዚያ ምስጡ በዓመቱ ያወርደዋል። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ወጣ ካላለ የጎን ዝናብ በሽቦው በኩል ይገባል። ሽቦውን በጣታችሁ ሞክሩ። የንብ ቀፎ ዓይን የመሰለው ቀጭን ሽቦ ዶሮዋን ከውስጥ ይይዛል እንጂ ሽለምጥማጥን ከውጭ አያግድም፤ ያ አውሬ እጁን አስገብቶ የተኛችውን ዶሮ አንገት ይጎትታል። ወፈር ያለውንና ዓይኑ ጠባብ የሆነውን፣ መጋጠሚያው የተበየደውን ምረጡ። ቆጡ ከእንቁላል መጣያ ሳጥኑ ከፍ ማለት አለበት፤ ዶሮ ማታ የምትወጣው ከፍ ወዳለው ቦታ ነው፣ ሳጥኑ ከበለጠ እዚያው ተኝታ እንቁላሉን በኩስ ትለውሰዋለች። ለአንዲት ዶሮ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆጥ፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ይበቃል። በመጨረሻም በሩ ትከሻችሁን ያስገባል? የማያስገባ ከሆነ ቤቱን አታጸዱትም። እንደምታጸዱት ለራሳችሁ ቃል ትገቡ ይሆናል፤ እመኑኝ፣ አታጸዱትም።

ከሃያ በላይ ለማርባት ያሰበና ቦታ ያለው ሰው ግማሽ ግድግዳ ያለውን ቤት ይሥራ። እስከ ጉልበት ብሎኬት ወይም ጭቃ፣ ከዚያ በላይ ሽቦ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚወርድ የጆንያ መጋረጃ። በአንድ ካሬ ሜትር አምስት ዶሮ ብላችሁ ብታሰሉ ለ25 ዶሮ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ማለት ነው። ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ የጠዋቱም የማታውም ፀሐይ አጭሩን ጎን ብቻ ይመታል፣ ከሐይቁ የሚመጣው የቀን ነፋስም በሽቦው ያልፋል። ወለሉን ከግቢው ደረጃ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አንሡት። ለጉዝጓዝ ሰጋቱራ የለመደ ነው፤ ነገር ግን የፎገራ ሩዝ ከሚፈለፈልበት ከወረታ የሚመጣው የሩዝ ቅርፊት ቶሎ ስለማይረጋና ስለሚናፈስ እኔ እርሱን እመርጣለሁ። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንጥፉት፣ በየሁለት ቀኑ አገላብጡት። መድረቁን ለማወቅ እንደ ዶሮዋ ዝቅ ብላችሁ ተንፍሱ፤ ዓይናችሁን ከቆጠቆጠ ይቀየር።

ዶሮዎቹ ተዘግተው የሚኖሩበት የብረት ሽቦ ሳጥን፣ ኬጁስ? ጠባብ ግቢ ላለው ሰው ያጓጓል። እንቁላሉ ተንከባሎ ንጹሕ ሆኖ ይመጣል፣ ዶሮዋ ኩሷን ስለማትረግጥ ኮክሲዲዮሲስ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ጭራ የምታገኘው ነገር ስለሌለ የሚያስፈልጋት ሁሉ ከመኖው መምጣት አለበት፤ መኖው ሲጓደል መጀመሪያ የሚታወቀው በእንቁላሉና በእግሯ ነው። ኩሱ በየቀኑ ካልተነሣ ዝንቡ ጎረቤት ያጣላል። መቶ ዶሮ ለንግድ ለሚይዝ ሰው እንጂ ለጀማሪ አልመክረውም። አሥር ዶሮ ይዞ ሳለ በኬጅ መቶ ጀምሮ አሥሩንም ያጣ ሰው አውቃለሁ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዶሮዋም ከቤቱ ጋር ትስማማ። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ ጭራ ታድራለች፣ ታቅፋለች፣ ነገር ግን አጥር ትዘልላለች። ቦቫንስ በጥሩ መኖ 300 ገደማ ትጥላለች፤ መኖ ከጎደለባት ግን ምንም አታተርፍም። ሳሶና ገብስማዋ ኮኮክ በመካከል ናቸው፤ ግቢ ውስጥ ለቀቅ ብለው ለሚውሉ ዶሮዎች እነርሱ ይቀልላሉ።

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል ትበላለች። ለአሥር ዶሮ 1.2 ኪሎ ነው፤ 50 ኪሎ መኖ አርባ ቀን ያደርሳል ማለት ነው። በክረምት ከዚያ በላይ አትግዙ፤ መኖ ይሻግታል፣ የሻገተ መኖ ደግሞ መርዝ ነው። ጆንያውን ከመሬት አንሥታችሁ ርብራብ ላይ አኑሩት።

ቄብ ስትገዙ «ተከትባለች» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የትኛውን ክትባት፣ በስንት ቀኗ ብላችሁ ጠይቁ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ ዝናብ ሲጀምርም ይበረታል። ክትባቱ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃና ከቅዝቃዜ ከወጣ ስለሚበላሽ፣ ከጎረቤት ጋር አንድ ቀን ቆርጣችሁ ሚያዝያ ላይ አስከትቡ። በሐይቁ አቅራቢያ ያላችሁ ስለ ዶሮ ፈንጣጣም ጠይቁ፤ የሚያስተላልፈው የወባ ትንኝ ዘመድ የሆነ ትንኝ ነው፣ ደንገሉ ዳር ደግሞ ትንኝ አይጠፋም። ከገበያ የመጣች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

የመግዣው ወቅትም አለ። ቄብ መጣል የምትጀምረው በአምስት ወሯ ገደማ ነው፤ ጥር ላይ የሦስት ወር ቄብ የገዛ ሰው የመጀመሪያውን እንቁላል የሚያየው በሁዳዴ ነው። ቤተሰቡ ይጾማል፣ የእንቁላል ገበያውም ቀዝቅዟል። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ይሸሹታል፤ እኔ ግን እመርጠዋለሁ። ዝናቡ እስኪመጣ አምስት ደረቅ ወር አለ፤ ቤቱ የት እንደሚያፈስ ሳይሆን የት እንደሚሞቅ ታዩበታላችሁ፣ ክትባቱም በጊዜው ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎችማ ጥቃቅን ናቸው፤ እስከ ፋሲካ ይተልቃሉ።