የሳሎን ጥግ ጠረጴዛና የእናቴ በርጩማ፦ በመንደራ ስላለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት

የመጨረሻው ልቦለዴ ከወጣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ መንገድ ላይ የምታገኙኝም ሆነ በመልእክት የምትጠይቁኝ አንባቢዎቼ «ምነው ጠፋሽ? መጻፍ ተውሽ እንዴ?» ስትሉኝ አጥጋቢ መልስ ሳልሰጥ ቆይቻለሁ። መልሱ ከአንድ ጠረጴዛ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጠረጴዛውን የሠራው የእንጨት ሥራ ቤትም ለጅማ ነዋሪ ሊታወቅ የሚገባው ሆኖ ስላገኘሁት የቤቴን ወሬና የሥራ ቤቱን ግምገማ አንድ ላይ ለመጻፍ ወስኛለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ 2016 ዓ.ም. እናቴ ከአጋሮ ወጥታ ከእኛ ጋር ለመኖር ስትመጣ ነው። ጉልበቷን ከታመመች ቆይታለች፤ አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን በቀረችበት ቤት ከመኝታዋ ተነሥታ ማድቤት መድረስ እንኳ እየከበዳት መጣ። እኛ ቤት ያሉት መኝታ ክፍሎች ሦስት ሲሆኑ አንደኛው ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የእኔ መጻፊያ ነበር። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት፣ መስኮቱ ወደ ጓሮው ቡና የሚያይ፣ ከመታጠቢያ ቤቱም ቅርብ የሆነው ክፍል እርሱ ስለነበረ ለእናቴ የትኛው እንደሚገባት ከባለቤቴ ጋር ብዙ መነጋገር አላስፈለገንም። መጻሕፍቴን በካርቶን አሽገን አልጋ ሥር አስገባን፤ ጠረጴዛዬ ግን የሚቆምበት ቦታ አጣ።

ያ ጠረጴዛ ቦታ ቢገኝለትም ብዙ የሚያገለግል አልነበረም። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ «ጠንካራ እንጨት ነው» ተብዬ የገዛሁት ሲሆን፣ እውነቱ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ፣ ላዩ ላይ የእንጨት መልክ ያለው ስስ ሽፋን የተለጠፈበት ሰሌዳ ነበር። እንዲህ ያለው ሰሌዳ በደረቅ ክፍል ውስጥ አያገለግልም አልልም። ነገር ግን ውሃ አንድ ጊዜ ከገባበት ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም፤ ብሎን የያዘው ቦታም ይፈረፈራል። ጅማ ደግሞ ከመጋቢት እስከ መስከረም ዝናብ የማይለያት፣ በክረምት ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንኳ በሁለት ቀን የማይደርቅባት ከተማ ናት። መስኮቱ ሥር የነበረው የጠረጴዛው ጠርዝ እንደ ረጠበ ዳቦ አብጦ ተሰነጠቀ፤ አንዱ እግሩም ተነቀለ።

ከዚያ በኋላ አሥር ወር ያህል የጻፍሁት በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነው። ቁርስ ሲነሣ ደብተሮቼን እዘረጋለሁ፤ ለምሳ እሰበስባለሁ፤ ከሰዓት እንደገና እዘረጋለሁ፤ ያን ዓመት ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ይዘጋጅ የነበረው ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ደግሞ ቦታውን እለቅለታለሁ። ልጄንም ሆነ ምሳውን በዚህ አልወቅስም። ነገር ግን አንድን ትዕይንት በልቤ ይዤ ስጽፍ ቆይቼ ደብተሬን ካነሣሁ በኋላ ተመልሼ የማገኘው ቃላቱን እንጂ የሰዎቹን ድምፅ አልነበረም። በዚያው መካከል ከስምንተኛ ክፍል ጀምራ ረቂቆቼን በኮምፒውተር ስትጽፍልኝ የኖረችው፣ ከእኔ በቀር የእጅ ጽሑፌን አጣርታ ማንበብ የምትችለው ብቸኛዋ ሰው፣ የመጀመሪያዋ ልጄ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ሄደች። የዝምታዬ ምክንያት ይኸው ነው። ሐዘንም ሕመምም አልነበረም፤ ቤቱ ከአንድ በኩል ሞልቶ ከሌላው ጎድሎ ነበር።

ወደ ሥራ ቤቱ የመራችን የእናቴ በርጩማ ናት። ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የወጣች፣ ምስማርም ሙጫም ያልነካት፣ እናቴ በሙሽርነቷ ጊዜ ያገኘቻት በርጩማ ከአጋሮ በአይሱዙ ስትመጣ ቆርቆሮ ላይዋ ላይ ወድቆ መቀመጫዋ ከዳር እስከ መሐል ተሰነጠቀ። የጅማ ሰው በርጩማ ምን እንደሆነች ሊነገረው አይገባም። በጅማ ሙዚየም የተቀመጡትን የአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን የእንጨት ወንበሮች ያየ ሁሉ ይህ አገር በእንጨት ሥራ የቱን ያህል የሠለጠነ እንደነበረ ያውቃል፤ ዛሬ ግን የተሰነጠቀች በርጩማ ይዞ «ጠግኑልኝ» የሚል ሰው በብዙ ቦታ የሚሰጠው መልስ «ይህችን ለማገዶ አድርጊያትና አዲስ ግዢ» የሚል ነው። ሁለት ቦታ እንዲህ ተብያለሁ። በሦስተኛው፣ አንዲት ጎረቤታችን በጠቆመችኝ በመንደራ ሰፈር ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ባለው ሥራ ቤት፣ መልሱ ተለየ።

ባለሙያው ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ በሙያቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ። በርጩማዋን ተቀብለው ገለበጧት፤ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ተከትለው ሄዱና «እትዬ፣ ይቺ አልሞተችም፤ መንገድ አግኝታ ነው የተከፈተችው» አሉኝ። እናቴ ከዝቅታ መነሣት ስለማትችል እግሮቹን ቀጥለው ከፍ እንዲያደርጓት ስለምናቸው ግን ፈቃደኛ አልሆኑም። «እግሩና መቀመጫው አንድ አካል ነው። ቀጥዬ ብሰጥዎት ማዘርን እጥላቸዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም ነገሩን በእርጋታ አስረዱኝ፦ ሦስት እግር ያላት በርጩማ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስቱም ስለሚነኩ አትነቃነቅም፤ ለአፈር ወለል የተፈጠረች ናት፤ ከፍታዋ ሲጨምር ግን ለመነሣት ወደ ጎን ያዘነበለ ሰው ክብደቱ ከእግሮቹ መካከል ስለሚወጣ ይገለበጣል። ስለዚህ አሮጌዋን ጠግነው እንደነበረች እንዲመልሱልኝ፣ ለእናቴ ደግሞ አራት እግር ያለው፣ ከፍታው 44 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በቀኝ በኩል ብቻ የእጅ መደገፊያ ያለው አዲስ መቀመጫ እንዲሠሩላት ተስማማን። በቀኝ በኩል የሆነው የምትነሣበት ጉልበት የቀኙ መሆኑን ጠይቀው ስለተረዱ ነው። እኔ ልጇ ሆኜ ይህን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ጠረጴዛውን ያዘዝሁት በዚያው ቀን፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ለሳሎናችን ጥግ የሚሆን ትንሽ ጠረጴዛ እንደምፈልግ ስነግራቸው «ምን ይሠሩበታል?» አሉኝ። ልቦለድ እንደምጽፍ ስነግራቸው ደብተሬን አውጥቼ በመሥሪያ ጠረጴዛቸው ላይ ጥቂት እንድጽፍ ጠየቁኝ፤ እኔ ስጽፍ ክርኔ የሚያርፍበትን ከፍታ በሜትራቸው ለኩ። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ጠረጴዛዎች ከፍታቸው ብዙ ጊዜ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የእኔ 69 እንዲሆን ወሰኑ። ለዓመታት ማታ ማታ ትከሻዬን የሚያመኝ በዕድሜ ይመስለኝ ነበር።

በቀን ሦስት ጊዜ ደብተር የመሰብሰብ ችግሬን ሳጫውታቸው ደግሞ እኔ ያላሰብሁትን መፍትሔ አመጡ። ጠረጴዛው ክዳን እንዲኖረው፣ ከክዳኑ ሥርም ስምንት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የመጻፊያ ወለል እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። አሁን እንግዳ ሲመጣ ወይም ቡና ሲቀርብ ክዳኑን ብቻ እዘጋለሁ፤ ደብተሩ እንደተገለጠ፣ ብዕሩ ባቆምሁበት መስመር ላይ እንደተጋደመ ይቆያል፤ ረከቦቱም በአጠገቡ ሊቀመጥ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከምናገረው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ያን ክዳን ካገኘሁ ወዲህ የሰዎቼን ድምፅ ፍለጋ ግማሽ ጠዋት አላጠፋሁም።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ዋንዛ በእኛ አካባቢ የቡና ጥላ ሆኖ ስለሚያድግ አበባውን ከንቦቹ ጋር፣ ቢጫ ፍሬውን ከልጅነታችን ጋር የማያውቅ የለም፤ ለመላጊያና ለመሮ የሚታዘዝ፣ በቀላሉም የማይጣመም እንጨት ስለሆነ ለቤት ዕቃ የሚመረጥ ነው። ነባር ዛፍ በመሆኑ እንደልብ የሚቆረጥ ባለመሆኑ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ግዴታዬ መስሎ ተሰማኝ፤ ባለሙያውም ቅር ሳይላቸው የማጓጓዣ ፈቃዱን ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። ሌላ ቦታ ስታዝዙም ይህን እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ።

ሳንቃዎቹ በሥራ ቤቱ ጀርባ ከጣሪያ ሥር፣ በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እየገባ አየር እንዲያልፍ ሆነው ተደርድረዋል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ላለው ሳንቃ ቢያንስ አንድ ዓመት በጥላ ሥር መቆየት እንዳለበት፣ ርጥብ እንጨት ተሠርቶ ከተሰጠ ደንበኛው ቤት ገብቶ ሲደርቅ እንደሚጣመም ነገሩኝ። አንዱን ሳንቃ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን አሰሙኝና ሌላውን አንኳኩተው «ይኼ ገና ውሃ ይዟል፤ ለርስዎ አይሆንም» አሉ። የጠረጴዛዬ ክዳን የተሠራበት ሳንቃ መሐሉ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ዳሩ ገርጣ ያለ ሲሆን፣ ሁለቱ ቀለማት ሳይሸፋፈኑ እንዲታዩ ቫርኒሹን ስስ አድርገው ቀብተውታል።

ጉድለቶቹን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ስድስት ሳምንት የተባለው ሥራ አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። ከፊሉ የመብራት መጥፋት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የረመዳን ጾም በመሐል በመግባቱ ሠራተኞቹ በጊዜ ስለሚወጡ ነው፤ ነገር ግን ጾሙ በመሐል እንደሚገባ ሳዝዝ ይታወቅ ስለነበረ ቀኑን ከመጀመሪያው አርዝመው ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ስልክ ስደውል የሚነሣው ከሦስት አንዴ ነው። ግማሹን ዋጋ ቀብድ ስከፍል ደረሰኝ አልተሰጠኝም፤ ስጠይቅ በደብተር ወረቀት ላይ ጽፈው ፈርመው ሰጡኝ፤ ይህም ለእኔ በቂ ቢሆንም በመሥሪያ ቤት ስም ለሚገዛ ሰው አይሆንም። የቫርኒሹ ሽታም ለሁለት ሳምንት ያህል ከሳሎናችን አልወጣም፤ በዚያ ጊዜ የእናቴን በር ዘግተን ነው የሰነበትነው።

በሐምሌ ደግሞ ከሁለቱ መሳቢያዎች አንደኛው አልከፈት አለ። እንጨት ርጥበት ሲያገኝ ወደ ርዝመቱ ሳይሆን ወደ ጎኑ እንደሚሰፋ አስቀድመው ነግረውኝ ነበርና አልደነገጥሁም። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው መላጊያቸውን ይዘው ቤት ድረስ መጡ፤ ጎኑን ሁለት ጊዜ ብቻ ላጉትና አቆሙ። አብዝተው ቢልጉት በበጋ ሲጠብብ ልል ሆኖ እንደሚንኳኳ ተናገሩ። ለዚህ ገንዘብ አልተቀበሉም፤ እናቴ ያፈላችውን ቡና ግን እስከ በረካው ተቀምጠው ጠጥተዋል።

ለጠረጴዛው 16,500 ብር፣ ለእናቴ አዲስ መቀመጫ 3,200 ብር፣ ለአሮጌዋ በርጩማ ጥገና 300 ብር ከፍያለሁ፤ ጋሪው ለብቻው ነው። ከተጨመቀ ሰሌዳ ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑን አልደብቅም። የበርጩማዋ ጥገና ግን ከዋጋው እጅግ የሚበልጥ ሥራ ነው፦ ስንጥቁን አጥብቀው አስረው ከዘጉ በኋላ ከሥሯ፣ መሐሉ ጠቦ ሁለት ጫፉ ሰፋ ያለ የወይራ ቁራጭ በመሮ በተፈለፈለ ቦታ ውስጥ ገብቶበት፣ ስንጥቁ ዳግመኛ እንዳይከፈት ሁለቱን ወገን እንደ መቆለፊያ ይዟል። ከላይ ለሚያያት ሰው ቀጭን መስመር ብቻ ነው የሚታየው። እናቴ እጇን አሳልፋበት «ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ የዳነ ሰው ነው ያለው» አለች።

ወደ ሥራ ቤቱ መሄድ የምትፈልጉ ሐሙስን ተዉት፤ የሂርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱም ይጨናነቃል፣ ባለሙያውም አብዛኛውን ጊዜ አይገኙም። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት የደረሰ ሰው ግን ማሽኑ ሳይነሣ በእርጋታ ሊያነጋግራቸው ይችላል። የምትፈልጉትን ዕቃ ፎቶ ከማሳየት ይልቅ የምትሠሩበትን ሥራ ንገሯቸው።

አሁን ጥቅምት ነው። ልጄ ፈተናውን አልፎ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል፤ የምግብ ጠረጴዛውም ሙሉ በሙሉ የእርሱ ሆኗል። የአዲሱ ልቦለድ የመጀመሪያ ረቂቅ በመስከረም መጨረሻ፣ በአሥራ አራተኛው ደብተር ላይ አልቋል። ራሴ በኮምፒውተር እየጻፍሁ በየሳምንቱ ዓርብ በቴሌግራም ወደ ሐዋሳ እልካለሁ፤ ልጄም ከፈተናዎቿ መካከል እያነበበች፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያለችው አያት ከእኛይቱ አያት ጋር በጣም መመሳሰሏን ደጋግማ ታሳስበኛለች። እኛይቱ አያት ደግሞ ጠዋት ጠዋት መደገፊያ ባለው መቀመጫዋ ላይ፣ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቃ ቡና ትለቅማለች፤ አሮጌዋ በርጩማ እግሯን የምታሳርፍባት ሆናለች።

በካርቶን ላሉት መጻሕፍት መደርደሪያ ለማዘዝ ባለፈው ሳምንት ከእርሷ ጋር በባጃጅ ሄደን ነበር። ባለሙያው ሳንቃዎቹን አንኳኩተው ገና ውሃ መያዛቸውን፣ ከፋሲካ በፊት እንደማይነኳቸው ነገሩን። አራቱን መርጠው ለብቻ ካደረጉ በኋላ ለሌላ ደንበኛ እንዳይሄዱ በእያንዳንዱ ላይ በጠመኔ ስም ጻፉባቸው፤ የጻፉት የእናቴን ስም ነው።