ረቂቅ ልቦለዳችሁን ለ«ሙሉ አርትዖት» ከመስጠታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣና በሌሎች የጎጃም ከተሞች የመጀመሪያ ልቦለዳቸውን ጽፈው አርታኢ በመፈለግ ላይ ላሉ ሰዎች ነው። «ረቂቅዎን ይላኩልን፤ ሙሉ አርትዖት ሠርተን ለማተሚያ ቤት ዝግጁ አድርገን እንመልስልዎታለን» እያሉ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያስተዋውቁ አገልግሎት ሰጪዎች በዝተዋል። ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ተዋውዬ፣ የክፍያውን ግማሽ በቅድሚያ ከፍዬ ያገኘሁት ውጤት በሌላ ደራሲ ላይ እንዳይደርስ ስለምፈልግ ዝርዝሩን አቀርባለሁ። የድርጅቱን ስም የማልጠቅሰው አቤቱታዬ ገና በመታየት ላይ ስለሆነ ነው። አሠራሩም የእርሱ ብቻ ስላልሆነ፣ ስሙን ለይታችሁ ብትርቁ እንኳ ሌላው ዘንድ በዚያው መንገድ ልትጎዱ ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ምልክቶቹን ብታውቁ ይሻላል።

ረቂቄ የተመለሰልኝ ንጹሕ ቅጂ ሆኖ ነው። የትኛው ቃል እንደተሰረዘ፣ የትኛው ሐረግ እንደተጨመረ፣ የትኛው አንቀጽ ከቦታው እንደተነሣ የሚያሳይ አንድም ምልክት አልነበረበትም። ወርድ በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ «ትራክ ቼንጅስ» የሚባል መሣሪያ አለ፤ አርታኢው የነካውን ሁሉ በቀለም ለይቶ፣ የተሰረዘውንም መስመር አስምሮበት ስለሚያሳይ፣ ደራሲው ለውጦቹን አንድ በአንድ እያየ ሊቀበል ወይም ሊመልስ ይችላል። ይህ ለምን እንዳልተደረገ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ደራሲውን ላለማስቸገር ንጹሑን ብቻ ነው የምንልከው» የሚል ነበር። አርትዖቱ ደካማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በገንዘብ ይቆም ነበር። ምን እንደተነካ ካልታወቀ ግን ደራሲው ሽፋኑ ላይ ስሙ የተጻፈበት መጽሐፍ ውስጥ የእርሱ ያልሆነ ቃል የት እንዳለ ሳያውቅ ያሳትማል፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝም ይህ ነው።

የተለወጠውን ያገኘሁት በዚያው ፕሮግራም ውስጥ «ሪቪው» ከሚለው ዝርዝር ሥር ባለው «ኮምፔር» በተባለው መሣሪያ ነው። የላካችሁትን ቅጂና የተመለሰላችሁን ቅጂ ሰጥታችሁ ስታዙት ልዩነታቸውን ሁሉ አውጥቶ ያሳያችኋል። እባካችሁ ይህን ሳታደርጉ ምንም ዓይነት «ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት አትፈርሙ።

ልቦለዴ የሚካሄደው በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ባመፀበት ጊዜ፣ በሞጣ አውራጃ ነው። በዚያ ዘመን ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ከሥሩም አውራጃ፣ ወረዳና ምክትል ወረዳ ነበሩት። በተመለሰልኝ ቅጂ ላይ «አውራጃ» የሚለው በያለበት «ዞን»፣ «ጠቅላይ ግዛት» የሚለው ደግሞ «ክልል» ሆኖ አገኘሁት። የአውራጃው ገዥ ለእንደራሴው የሚጽፉት ደብዳቤ ሳይቀር ከ20 ዓመታት በላይ ዘግይቶ በመጣ የአስተዳደር ስም ተሞልቷል። ይህ ተቀምጦ እያነበበ የሚያርም ሰው የሚያደርገው ለውጥ አይደለም። አንድን ቃል በሙሉው ረቂቅ ውስጥ ፈልጎ በሌላ የሚተካ ትእዛዝ ተሰጥቶ፣ ውጤቱንም ማንም ሳያየው የቀረ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

የገጸ ባሕርያቱ ንግግርም እንደዚሁ ሆኗል። የሞጣ ገበሬ ታላቁን «አንቱ» ይላል፤ ታላቅ እህቱን «እታለም»፣ በዕድሜ የሚበልጠውን ወንድ «አያ» ብሎ ይጠራል። አርታኢው «አንቱ»ን ወደ «እርስዎ»፣ «እታለም»ን ወደ «እህቴ» ለውጦ፣ «አያ»ን ደግሞ እንደ ትርፍ ቃል ቆጥሮ ከየስሙ ፊት ሰርዞታል። በልቦለዱ ውስጥ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት የባሏን ታላቅ ወንድም ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ «አያ ደሴ» እያለች ትጠራዋለች፤ የልጆቿን የርስት ድርሻ በሽማግሌ ፊት በካደ ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ «ደሴ» ብላ ትጠራዋለች። ያ ትዕይንት የቆመው በዚህ ላይ ነበር። «አያ» ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በመጥፋቱ ሴትዮዋ ሰውዬውን ዱሮም በባዶ ስሙ ስትጠራው የኖረች ሆነች፤ ሽማግሌዎቹ ለምን እንደ ደነገጡም የሚገባው አንባቢ አይኖርም። በከተማ አማርኛ ብቻ ያደገ አርታኢ የአገሬውን አነጋገር ላያውቅ ይችላል፤ አለማወቁም ነውር አይደለም። ሳይጠይቅ መሰረዙ ግን ሙያውን መተው ነው።

ከሁሉ ያሳዘነኝ በግእዙ ላይ የደረሰው ነው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የቅኔ ተማሪ በመሆኑ በረቂቁ ውስጥ ጥቂት የግእዝ መስመሮች አሉ። በአማርኛ ጽሑፍ «ሠ»ን እና «ሰ»ን፣ «ፀ»ን እና «ጸ»ን ወደ አንድ ማምጣት ይገባል አይገባም የሚለው የቆየ ክርክር ነው፤ ደራሲው የመረጠውን ይዞ ወጥ በሆነ መንገድ ቢጽፍ የሚከፋ አይመስለኝም። በግእዝ ግን ፊደሉ ሲለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። «ሠረቀ ፀሐይ» ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፣ አርታኢው «ሠ»ን በሙሉ ወደ «ሰ» በመቀየሩ ተማሪው ፀሐይን ሌባ አድርጎ ቅኔ የሚቆጥር ሆኖ ቀረ። የታወቁ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ባሉባቸው በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ ምድር ላደገ አንባቢ እንዲህ ያለ መስመር አቅርቦ መጽሐፉን እንዲያምን መጠበቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ ስለ እርማት ከገዛ አገራችን የምንማረው አለ። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ፊት ለፊት ያርመዋል፤ ተማሪውም የቱ ቃል እንደወደቀና ለምን እንደወደቀ ሳያውቅ አይነሣም። ገንዘብ የሚከፈልበት የልቦለድ አርትዖት ቢያንስ ይህን ያህል ግልጽ እንዲሆን መጠየቅ መብታችን ነው።

«ሙሉ አርትዖት» የሚለውን አጠራርም ሳትመረምሩ አትቀበሉ፤ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ተጠቅልለው ይሸጡበታልና። የመጀመሪያው ታሪኩን፣ የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል፣ የገጸ ባሕርያቱን አካሄድና የተራኪውን አቋም የሚመረምር የመዋቅር አርትዖት ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩን የሚያቃና የቋንቋ አርትዖት፣ ሦስተኛው የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ስሕተት የሚለቅም የመጨረሻ እርማት ነው። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ ነገ ሊወጣ በሚችል ምዕራፍ ላይ ዛሬ ነጠላ ሰረዝ ማስተካከል ገንዘብ ማባከን ነውና። እኔ ከሦስቱም ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ከፍዬ ያገኘሁት ሦስተኛውን፣ እርሱንም በግማሽ ነው። የመዋቅር አርታኢ ሥራውን ሲጨርስ ስለ ታሪኩ ያየውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ በየኅዳጉም ጥያቄ ይጽፋል። በዐቢይ ጾም ሠርግ የተደገሰበት ምዕራፍ ቢያጋጥመው፣ ወይም ጤፍ በነሐሴ ሲታጨድ ቢያይ፣ ወይም ከሞጣ ማልዶ የተነሣ እግረኛ ለምሳ ደብረ ማርቆስ ቢደርስ ቆም ብሎ ደራሲውን ይጠይቃል። ከእኔ ጋር የተዋዋለው ድርጅት ስለ ረቂቁ አንዲት ጥያቄ እንኳ አላቀረበልኝም። ረዥም ልቦለድ አንብቦ ምንም የሚጠይቀው ያጣ አርታኢ አንብቦታል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

ስለ ዋጋው ደግሞ ይህን አስተውሉ። ብዙዎቹ የሚያስከፍሉት በገጽ ነው፤ ገጽ ግን ፊደሉን ከ12 ወደ 14 በማሳደግና የመስመሩን ክፍተት በማስፋት ብቻ የሚበዛ ነገር ነው። ስለዚህ ውላችሁ በቃላት ብዛት ይሁን፤ ወርድ የቃላቱን ቁጥር ራሱ ያሳያችኋል። በሌላው ዓለም የኅትመት ሙያ 250 ቃል እንደ አንድ የረቂቅ ገጽ የመቁጠር ልማድ አለ። በዚህ ስሌት 75,000 ቃል ያለው ልቦለድ 300 ገጽ ይሆናል። አርታኢው በሰዓት 6 ገጽ በጥንቃቄ ያነብባል ብንል እንኳ 50 የሥራ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ይህም ለአንድ ዙር ንባብ ብቻ ነው። «በሦስት ቀን እናስረክባለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን ስሌት አስቡት።

ናሙና መጠየቅ ጥሩ ነው ይባላል፤ እኔም ጠይቄ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ናሙና ሆኖ ሲመጣልኝ በእውነት በጥሩ እጅ የተሠራ፣ የኅዳግ ማስታወሻም ያለበት ነበር፤ ውሉን የፈረምኩትም በእርሱ ላይ ተመሥርቼ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ምዕራፎች የሠራው ያው ሰው አለመሆኑን ለማወቅ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ይበቃል። ስለዚህ ናሙናውን የምትሰጡት ከመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይሆን ከመካከል፣ ንግግር ከበዛበት፣ የአገሬው አነጋገር ካለበት ክፍል ይሁን። ናሙናውን የሠራው ሰው ስሙ በውሉ ላይ ተጽፎ ሙሉውን እርሱ እንደሚሠራ ይረጋገጥ። ክፍያውንም በሁለት ከመክፈል ይልቅ በየጥቂት ምዕራፉ አከፋፍሉት፤ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ተረክባችሁ ሳታመሳክሩ ቀጣዩን አትልቀቁ።

ከውሉ አንቀጾች አንዱን ለይቼ ላነሣ እወዳለሁ፤ ከአርትዖቱ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው በመጨረሻው ገጽ የተቀመጠ ነበርና። ድርጅቱ መጽሐፉን መጀመሪያ የማሳተምና ወደ ፊልም የመቀየር መብት እንደሚኖረው የሚገልጽ ነው። እርሱን ሳይሰርዙ አልፈርምም በማለቴ ተሰርዟል፤ ሳያነብቡ የፈረሙ ሌሎች እንዳሉ ግን ሰምቻለሁ። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት ሥራው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምዝገባ የተጠበቀ ነው፤ በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል። የኢኮኖሚ መብትን ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ ነው፤ ፊርማችሁ ከባድ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዋጁ ሥራው ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መንገድ እንዳይዛባበት ደራሲው እንዲቃወም የሞራል መብት ይሰጠዋል። ማንም አርታኢ ፊደል ስላረመ የድርሰቱ ባለቤት አይሆንምና ይህ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ክፍያው በድርጅቱ የንግድ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይሁን። «ለፍጥነት» ተብሎ ወደ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር እንድትልኩ ከተጠየቃችሁ ደረሰኝ ሳይቆረጥ እንዳትልኩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። አርትዖትም የሚሸጥ አገልግሎት ነው፤ ደራሲው ለጥበብ ብሎ ዝም ሊል አይገባም። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ የስልክ ንግግሩንም በጽሑፍ መልእክት አስደግፉት።

የፋይሉን ነገር በአጭሩ ልናገር። ረቂቁ የተመለሰልኝ በዩኒኮድ (የየቋንቋውን ፊደላት በየኮምፒውተሩ በአንድ ዓይነት መንገድ በሚያስቀምጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ሳይሆን ማተሚያ ቤቶች ዘንድ በቆየ አሮጌ የግእዝ ፊደል (ፎንት) ተቀይሮ ነው፤ በዚህም ምክንያት አንዳንድ ፊደላት ጠፍተዋል፣ አራት ነጥቦችም ወደ ሌላ ምልክት ተለውጠዋል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ የገባ በመሆኑ ዛሬ ረቂቅን በአሮጌ ፊደል የሚያስቀይር ምክንያት ካለ የገጽ ቅንብር ሲደርስ ብቻ ነው። በላካችሁበት ፊደል እንዲመለስላችሁ በውሉ አስጽፉ። ኔትወርክ ሲጠፋ ረቂቃቸውን በፍላሽ አድርገው በተሳፋሪ እጅ የሚልኩ ብዙ የአገሬ ልጆች ስላሉ፣ ከመላካችሁ በፊት ቀኑ የተጻፈበት ያልተነካ ቅጂ በቤታችሁም በኢሜይላችሁም ይኑር። እኔ ልቦለዴን መልሼ ማግኘት የቻልኩት ያ ቅጂ ስለነበረኝ ነው።

አሁን ረቂቁን እየተመለከቱልኝ ያሉት ለብዙ ዓመታት አማርኛ ያስተማሩ፣ የሞጣን አነጋገር ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ መምህር ናቸው፤ ግእዙን ደግሞ ቅኔ የተማሩ አባት ለብቻው አይተውልኛል። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ባለባቸው ከተሞች የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራንን ጠይቆ ጥሩ አንባቢ ማግኘት ይቻላል፤ ለእነርሱም ተገቢውን ዋጋ በውልና በደረሰኝ መክፈል ተገቢ ነው። ውል ፈርማችሁ ቀሪውን ክፍያ እንድትከፍሉ እየተጠየቃችሁ ያላችሁ ግን መጀመሪያ ለውጦቹ የሚታዩበትን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ሁለቱን ቅጂዎች ራሳችሁ አመሳክራችሁ፣ ልዩነቱን አትማችሁ፣ ከውሉና ከደረሰኙ ጋር አያይዛችሁ ለከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገቡ። የመብት ማስተላለፍ አንቀጽ የፈረማችሁ ካላችሁ ደግሞ ምንም ነገር ሳይታተም በፊት ውሉን ለሕግ ባለሙያ አሳዩ፤ ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣንም ምክር ጠይቁ።