ያረጀ ኤስ 500 ወይስ ያረጀ ኤልኤስ 430? መኪናው ረክሶ መለዋወጫው ላልረከሰበት ገዢ

ባለፉት ሁለት ዓመታት አራት ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ በየተራ ጠይቀውኛል። በአንዲት ትንሽ አዲስ መኪና ዋጋ፣ ምናልባትም ከዚያ ባነሰ፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ያለፈ መርሴዲስ ኤስ 500 ይሻላል ወይስ የዚያው ዘመን ሌክሰስ ኤልኤስ 430? ሁለቱንም በተራ ስለያዝኩና በአንደኛው ክፉኛ ስለከሰርኩ፣ መልሱን ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግም አንድ ጊዜ ጽፌ ማስቀመጥ መረጥኩ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ሌክሰሱን ግዙ፤ እሱንም የአየር ሰስፔንሽን የሌለውን። መርሴዲሱን የሚያስገዛ ምክንያት የለም አልልም፤ ነገር ግን ያ ምክንያት ገንዘብ ሊሆን አይችልም። የፈረስ ጉልበትና የመኪናውን ርዝመት ማወቅ የሚፈልግ ሰው በየማስታወቂያው ስለሚያገኘው እዚህ አልዘረዝረውም።

ለመለያ ያህል፣ የማወራው እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 ስለተመረተውና መካኒኮች ደብሊው 220 ስለሚሉት ኤስ ክላስ፣ እንዲሁም ከ2000 እስከ 2006 ስለተመረተው ኤልኤስ 430 ነው። ሁለቱም ዛሬ የሚሸጡት አዲስ ሳሉ ከነበራቸው ዋጋ በጥቂቱ ነው፤ ገዢውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ዕድሜ የሚያረክሰው መኪናውን እንጂ መለዋወጫውን አይደለም። የአንድ የፊት ሾክ ዋጋ የሚተመነው ያ መኪና ሲወጣ በነበረው ማዕረግ ነው፤ መኪናው ስድስት ባለቤት ቀይሮ በአሥረኛ ዋጋ መሸጡን መለዋወጫው አያውቅም። እኔ ኤስ 500ውን ስገዛ ከጓንት ሳጥኑ ውስጥ አንድ ደብተር አስቀምጬ እያንዳንዱን ወጪ እጽፍ ነበር። በአሥራ አራተኛው ወር ስደምረው የጥገናው ወጪ ከመግዣው ዋጋ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ደርሶ ነበር። ከዚያም ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው፣ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ የሠራሁትን አንድ ስህተት ለማረም የወጣ ነበር።

ስህተቱ የተፈጸመው በአየር ሰስፔንሽኑ ላይ ነው። ደብሊው 220 በብረት ሞላ ፈንታ አየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ ይንሳፈፋል፤ አየሩን ኮምፕረሰር ያመነጫል፣ የቫልቭ ሳጥን ለአራቱ እግሮች ያከፋፍላል። ጎማ ደግሞ መኪናው ብዙ ቢነዳም ቆሞ ቢውልም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ መኪናው ወዲያው አይወድቅም። መጀመሪያ ሌሊቱን በአንድ በኩል ዝቅ ብሎ ያድራል፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ባለቤቱም «አየር ነው፣ ያለ ነው» ብሎ ይነዳል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ግን ኮምፕረሰሩ የሚፈስሰውን ለመተካት ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። አንዳንዴ ደግሞ ኮምፕረሰሩን የሚያበራና የሚያጠፋው የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ ሪሌው፣ ተጣብቆ ስለሚቀር መኪናው ቆልፈውት ከሄዱ በኋላ እንኳ ኮምፕረሰሩ ማጉረምረሙን አያቆምም። ስለዚህ ኮምፕረሰር የሚቀይር ሰው ዋጋው ከኮምፕረሰሩ ጋር የማይወዳደረውን ሪሌ አብሮ ካልቀየረ፣ አዲሱን በአሮጌው መንገድ ለመቅበር እየተዘጋጀ ነው ማለት ነው።

የእኔ መኪና የግራ የፊት ሾክ፣ ማለትም የአየር ከረጢቱን የያዘው ክፍል፣ ሲያፈስስ ሦስት ምርጫ ነበረኝ፦ የፋብሪካው አዲስ ሾክ፣ በታወቀ ድርጅት ታድሶ የሚሸጥ፣ ወይም አንድ ነጋዴ «ያው ነው» እያለ በፋብሪካው ዋጋ ሲሶ ያቀረበልኝ ቅጂ። ቅጂውን ገዛሁ። ለሰባት ወር ያህል ምንም አላለም፤ በስምንተኛው መኪናው እንደገና መንበርከክ ጀመረ። መካኒኩ በብሩሽ የሳሙና አረፋ ሲቀባው፣ ጎማው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ ጉድጉዶች በመስመር ይንፎለፎሉ ነበር። ጎማው ሲነካ እንደ ካርቶን ደርቋል፣ የላይኛው ማሰሪያ ቀለበትም ዝጓል። ነጋዴው ስልኩን አላነሳም። እኔም አንድ የፋብሪካ ሾክ፣ ያለማቋረጥ ሲሠራ የተቃጠለውን ኮምፕረሰርና ሁለተኛ ዙር የእጅ ዋጋ ከፈልኩ። ተደምሮ ሲታይ፣ በመጀመሪያው ቀን የፋብሪካውን ብገዛ ከወጣው ገንዘብ እጥፍ ነበር።

ስለ ቅጂ ይህን ያህል ካልኩ የተማርኩትንም ልጨምር። የመኪና ፋብሪካዎች አብዛኛውን ክፍል ራሳቸው አይሠሩም። ለዚህ መኪና ሾኩን ቢልስታይን፣ ኮምፕረሰሩን ዋብኮ ያቀርቡ ነበር፤ ያንኑ ዕቃ በአምራቹ ሳጥን መግዛት ባለ ኮከቡን ሳጥን ከመግዛት ያረክሳል። እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ አንዳንዴ የመኪናው ዓርማ የነበረበት ቦታ በመፈግፈጊያ ተፍቆ ይገኛል። ብዙ ገዢ ይህን ሲያይ የተሰረቀ ወይም የውሸት ነው ብሎ ይሸሻል፤ ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፣ አምራቹ በራሱ ስም ሲሸጥ የሌላውን ዓርማ ማጥፋት ስላለበት የተፋቀ ነው። የውሸቱ ዕቃ እንዲያውም ዓርማው ደምቆ፣ ሳጥኑ ከእውነተኛው ይልቅ አብለጭልጮ ይመጣል። እኔ አሁን የማየው ክብደቱን፣ የቀረጻውን ጠርዝ ጥራትና በዕቃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር በሳጥኑ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ነው። በሴንሰሮች ላይ ደግሞ ፈጽሞ አልቆጥብም፤ የክራንክሻፍት ሴንሰር ቅጂ ሞተሩ ሲግል መንገድ ላይ ያቆምና፣ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልተፈጠረ አስነስቶ መካኒኩን ለሳምንት ያንከራትታል።

ለመርሴዲሱ ፍትሕ ላድርግ፦ የኤስ 430 እና የኤስ 500 ሞተር፣ ኤም 113 የሚባለው፣ ጠንካራ ነው። የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማ የታይሚንግ ሰንሰለት ስላለው በየጊዜው የሚቀየር ቤልት አያስጨንቅም። የሚገርመው ግን ካንዴላው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት በመሆኑ ስምንት ብለው ሄደው አሥራ ስድስት ይገዛሉ። ባለ አምስት ማርሹ ካምቢዮም በመሠረቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ፋብሪካው መጀመሪያ ዘይቱ ለዕድሜ ልክ ነው ብሎ በኋላ ሐሳቡን ስለቀየረ፣ ዘይቱ አንድም ቀን ያልተቀየረለት ብዙ መኪና በገበያ ላይ አለ። በካምቢዮው ጎን ያለው የኤሌክትሪክ ሶኬት ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያው፣ ሲያረጅም ዘይቱ በሽቦው ውስጥ እየሳበ ሽቅብ ይወጣና ካምቢዮውን የሚያዘው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። የጎሚኒው ዋጋ ከአንድ የዘይት ፊልትሮ አይበልጥም፣ የኮምፒውተሩን ዋጋ ግን አትጠይቁኝ። ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈራው ዝገቱን ነው፤ በጎማ ቅስቶችና በበሮች ታች ቀለሙ ተነፍቶ ካያችሁ፣ የምታዩት ከውስጥ ጀምሮ የበላውን የላሜራ ጫፍ ብቻ ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ «ርካሽ ኤስ 600 አገኘሁ» የሚል ወዳጅ ካላችሁ እጁን ያዙት። ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደሩ በአየር ፈንታ እስከ 200 ባር በሚደርስ የዘይት ግፊት የሚሠራ ሰስፔንሽን ይዞ ይመጣል። በባለ ቱርቦው ላይ ደግሞ የካንዴላ ኮይሉ ለእያንዳንዱ የሞተር ጎን አንድ ወጥ ስለሆነ አንዱ ሲሊንደር ቢከስም የስድስቱ ሙሉ ዕቃ ይቀየራል።

አሁን ወደ ሌክሰሱ። የጥገናው ወጪ አልፎ አልፎ ይከብዳል፣ ግን መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል፤ ከኤስ 500ው የሚለየው በዚህ ነው። ትልቁ ወጪ የታይሚንግ ቤልቱ ነው። በየ90 ሺህ ማይሉ፣ ማለትም በ145 ሺህ ኪሎሜትር ገደማ ይቀየራል፤ ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ስለሚጋጩ ሞተሩ ይበላሻል። ቤልቱ ብቻውን ርካሽ ነው፣ የሚያስከፍለው እስከ እሱ ለመድረስ የሚፈታው ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተከፈተ የውሃ ፓምፑ፣ መወጠሪያውና ተሽከርካሪ ኩሽኔቶቹ አብረው መቀየር አለባቸው። የውሃ ፓምፑን «ገና ደህና ነው» ብሎ የተወ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ የእጅ ዋጋ ዳግም ይከፍላል።

ሁለተኛው ነገር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው የሚያናድደው። በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ሥር ተቀብሯል። ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብቻ ብሎ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ በውስጡ ያለው ትንሽ የመዳብ ኮንታክት ስለሚበላ ነው። እኔ ያወጣሁትን በጣቴ ስዳስሰው በአንድ በኩል እንደ ማንኪያ ጎድጉዶ ነበር። የመዳቡ ዋጋ ከምንም አይቆጠርም፣ የእጅ ዋጋው ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማኒፎልዱ ከተነሣ አይቀር ጋስኬቶቹንና ከሥሩ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች ቀይሩ። ከዚህ ውጭ የፊት የታችኛው ክንድ ጎሚኒዎች ያልቃሉ፣ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይርገበገባል፣ ባለቤቱም ዲስኩን ደጋግሞ ያስላጫል፤ ጥፋቱ ግን ከጎሚኒው ነው። በእኔ ሦስት ዓመት የታየው ይህ ነው፤ ደብተሩ ላይ ስደምረው ለሦስቱም ዓመት የወጣው፣ ቤልቱን ጨምሮ፣ መርሴዲሱ በአሥራ አራት ወር ከበላው ግማሽ አይሞላም።

የመለዋወጫው ዋጋ የቀለለበት ምክንያትም አለው። ሌክሰስ በራሱ ስም ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ስለሆነ፣ ይህ መኪና እዚያ የሚታወቀው ቶዮታ ሴልሲዮር ተብሎ ነው፤ ሞተሩም በጂኤስ 430 እና በኤስሲ 430 ላይ አለ። ስለዚህ መለዋወጫ ስትጠይቁ በሌክሰስ ስም ብቻ አትጠይቁ። ዴንሶና አይሲን በራሳቸው ሳጥን የሚሸጡት ዕቃ ፋብሪካው የገጠመው ነው። የእነሱም የውሸት ቅጂ ሞልቷል፣ በተለይ የኦክስጅን ሴንሰርና የነዳጅ ፓምፕ፤ ስለዚህ ከላይ ያልኩት ማስጠንቀቂያ እዚህም ይሠራል።

ኤልኤስ 430 የአየር ሰስፔንሽን ያለውም አለ። እሱን ከገዛችሁ በመርሴዲሱ ላይ ያማረርኩትን ሁሉ ተረክባችኋል ማለት ነው፤ የሾኩ ዋጋም ያስደነግጣል። ብዙ ሰው ወደ ብረት ሞላ ይቀይረዋል፣ ይህም ይሆናል፤ ይሁንና ቅያሪው በደንብ ካልተሠራ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ዳሽቦርዱ ላይ እንደበራ ይኖራል፣ ስትሸጡትም እያንዳንዱ ገዢ በጣቱ እየጠቆመ ዋጋ ይቀንሳል። ከመጀመሪያው ባለ ሞላውን መፈለግ ይቀላል።

ለማየት ስትሄዱ ለሻጩ ሞተሩን እንዳያስነሳ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስትደርሱ ኮፈኑ ሞቆ ካገኛችሁት ጠዋት ምን እንደሚመስል ሊያሳያችሁ አልፈለገም። ባለ አየሩ መኪና ከሆነ ሌሊቱን በአንድ ቦታ አድሮ በማግስቱ የአራቱ ጎማዎችና የቅስቶቹ ክፍተት እኩል መሆኑን በጣት ለኩ፤ ተነሥቶ ሳለ ግን እጃችሁን ከቅስቱ ውስጥ አታስገቡ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊወርድ ይችላል። በሌክሰሱ ላይ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቁ። «ተቀይሯል» የሚለው ቃል ደረሰኝ አይደለም፤ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥራችሁ የሙሉውን ሥራ ዋጋ ከመኪናው ላይ ቀንሱ። ደግሞም ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ለመግዣ አታውጡ። እኔ ለሌክሰሱ ከመግዣው ሩብ የሚሆን ለብቻው አስቀምጬ ነበር፣ በቃኝ። ለኤስ 500ው የምመክረው ግማሹን ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም አንድ ነገር ልመን፦ የመርሴዲሱ መቀመጫ ይናፍቀኛል። አየሩ ደህና በነበረበት ሰሞን ጎርባጣ መንገድ ላይ የነበረውን ምቾት ሌክሰሱ አልሰጠኝም፤ መሪውም ከሌክሰሱ ይልቅ መንገዱን ለእጅ ይናገራል። ስለዚህ ራሱ መካኒክ የሆነ፣ መፈተሻ ኮምፒውተር ያለው፣ ሌላ የሚሄድበት መኪና በግቢው የቆመ ሰው ዝገት የሌለበት ኤስ 500 ከነሙሉ ወረቀቱ ካገኘ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ማሻሻያ በኋላ ከተመረቱት መርጦ ይግዛ፤ አልከለክለውም። የእኔን የገዛውም እንዲህ ያለ ሰው ነው። ደብተሩን ሳስረክበው ወጪውን አንድ በአንድ እያነበበ ሲስቅ ቆየና፣ የቅጂው ሾክ ጋ ሲደርስ ሳቁን አቁሞ የነጋዴውን ስም ጠየቀኝ፤ ለካ እሱም አንድ ገዝቶ ነበር።